በረኛውን መቅጠር፦ የወይን ቤት ቀጠሮ ከደብተር እስከ ሶፍትዌር

የዛሬው ርዕሳችን ሲያዩት ቅንጦት ይመስላል። አንድ የወይን ጠጅ ጠማቂ ቤት፣ ሊጎበኙትና ወይኑን ሊቀምሱ ለሚመጡ እንግዶች በኢንተርኔት ቀጠሮ የሚይዝለትን ሶፍትዌር ሲመርጥ ምን ምን ማየት አለበት? «ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ከመካከላችንም ርዕሱ ሲነሳ የሳቀ ነበር። ይሁንና ነገሩን ወደ ኋላ እየጎተትን ስንሄድ አንድ የመሬት ሕግ አገኘን፤ ሁለት ስሚዞች የተገናኙበት የአውሮፕላን ጉዞ አገኘን፤ እራትን እንደ ቲያትር ትኬት የሚሸጥ የቺካጎ ምግብ ቤት አገኘን፤ አንድ ወረርሽኝም አገኘን። ሁሉም የሚያደርሱት ወደ አንድ ጥያቄ ነው፦ በሩን የያዘው ማነው?

ታሪኩን የምንተርከው በአንድ ቦታ ላይ ቆመን ነው፤ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ናፓ በሚባለው ሸለቆ። ቦታውን የመረጥነው የወይን ቤት ጉብኝት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ የጎለመሰበት ስፍራ በመሆኑ ነው፤ ቀጠሮ መያዝም በሕግ የታዘዘበት አገር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በሩ ክፍት ሳለ

ናፓ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚገኝ፣ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጠባብ ሸለቆ ነው። ቻርልስ ክሩግ የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ በ1861 ሴንት ሄሌና በምትባለው ከተማ አጠገብ ወይን ቤቱን አቋቋመ። ሌሎችም ተከተሉት። በ1880 ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከአዲሷ ሙሽራው ጋር ወደ ሸለቆው መጥቶ የጃኮብ ሽራምን ወይን ቤት ጎብኝቷል። በ1883 ባሳተመው መጽሐፉ ከሽራም ጋር ምድር ቤት ወርዶ የቤቱን ወይኖች አንድ በአንድ እንደቀመሰ ተርኳል። በዚያ ዘመን ጉብኝት ማለት ይኸው ነው፤ በር ይንኳኳል፣ ባለቤቱ ይወጣል፣ ደስ ካለው ይቀዳል። ለአንድ ጠጅ ቤት ደንበኛ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከዚያ በሩ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። በጥር 1920 በመላው አሜሪካ አልኮል መጥመቅና መሸጥ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታገደ። ብዙ ወይን ቤቶች ተዘጉ። ከተረፉት አንዳንዶቹ የተረፉት ለቤተ ክርስቲያን የቁርባን ወይን እያቀረቡ ነው፤ ከነሱም አንዱ በናፓ የነበረው ቦሊዩ ነው። እገዳው በታኅሣሥ 1933 ሲነሳ ሸለቆው ወይን ነበረው፣ ጠጪ ግን አልነበረውም። አንድ ትውልድ ወይን ምን እንደሆነ ሳያውቅ አድጓል።

እንግዲህ የጉብኝት ንግድ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ቤሪንጀር የተባለው ወይን ቤት በ1934 ለሕዝብ ጉብኝት ከፈተ። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲገዛ ከተፈለገ መጀመሪያ ማሳየት፣ ከዚያ ማስቀመስ ያስፈልጋል። ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ሮበርት ሞንዳቪ ነው። ቤተሰቡ በ1943 የክሩግን ወይን ቤት ገዝቶ ነበር። ሮበርት ከወንድሙ ከፒተር ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣና በ1966 ኦክቪል በሚባል ስፍራ የራሱን ወይን ቤት ከፈተ። ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ ለእንግዳ ታስቦ ነው። ጉብኝት በየቀኑ ነበር፣ ቅምሻ ነበር፣ ከ1969 ጀምሮ ደግሞ በበጋ ግቢው ውስጥ የሙዚቃ ድግስ ነበር። ያኔ አብዛኛው አሜሪካዊ የሚያውቀው ወይን ጣፋጩን ስለነበር የሞንዳቪ አስጎብኚዎች ሥራ ግማሹ ማስተማር ነበር። መግቢያው ክፍት ነው፤ ቀጠሮ አይጠየቅም።

ሕዝቡ ሲጎርፍ

ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ አንድ ቅምሻ ተደረገ። ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይኖች ስማቸውን ሸፍኖ አስቀመሳቸው። ከቀዮቹ የስታግስ ሊፕ፣ ከነጮቹ የሻቶ ሞንተሌና ወይን አንደኛ ወጡ። ሁለቱም የናፓ ናቸው፤ ሁለቱም የ1973 ምርት ናቸው። በስፍራው የነበረው ጋዜጠኛ የታይም መጽሔት ዘጋቢ ጆርጅ ቴበር ነው። እሱ ባይኖር ወሬው እንዲያ መሰማቱን እንጃ። (የጋዜጠኝነት ምሩቃን ስለሆንን ይህችን ሳንጠቅስ አናልፍም።)

ከዚያ በኋላ መኪናው መጣ። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ዋናው መንገድ አንድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከሳን ፍራንሲስኮ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። በ1960 ገደማ 25 ያህል ብቻ የነበሩት ወይን ቤቶች እየተባዙ ሄዱ፤ ዛሬ ከ400 በላይ ናቸው። በ1989 ቱሪስት አሳፍሮ ሸለቆውን የሚያቋርጥ የወይን ባቡር ሥራ ሲጀምር ነዋሪው በይፋ ተቃወመ። ነዋሪው የሚፈራው ወይኑን አልነበረም። እርሻው ወደ መዝናኛ መንደር እንዳይለወጥ ነበር የሚፈራው። የወረዳው አስተዳደር ገና በ1968 የእርሻ መሬቱ ተቆራርሶ የመኖሪያ ቤት እንዳይሠራበት የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። አሁን ጥያቄው ሌላ ሆነ፦ ወይን ቤት ራሱ እርሻ ነው ወይስ ምግብ ቤትና ሱቅ?

መልሱ በ1990 መጣ። የናፓ ወረዳ ወይን ቤት ማለት ምን እንደሆነ በሕግ ተረጎመ። ከዚያ በኋላ የሚቋቋም ወይን ቤት ከሚጠቀመው የወይን ፍሬ 75 በመቶው የናፓ መሆን አለበት ተባለ። ለኛ ታሪክ ዋናው ደግሞ ሌላው አንቀጽ ነው፦ አዲስ ወይን ቤት እንግዳ የሚቀበለው አስቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ብቻ ነው። ከሕጉ በፊት በራቸውን ለሕዝብ ከፍተው የነበሩት እንደነበሩ ቀጠሉ። ሸለቆው ሁለት ዓይነት በር ኖረው፤ ነባሩ ክፍት፣ አዲሱ በቀጠሮ። በየፈቃድ ወረቀቱም ላይ ቤቱ በቀን ወይም በሳምንት ስንት እንግዳ መቀበል እንደሚችል ተጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የወይን ቤቶችን በር የዘጋው ኢንተርኔት ይመስለዋል። በሩ የተዘጋው ግን ኢንተርኔት ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት ነው፤ የዘጋውም እርሻውን ለማዳን የወጣ ሕግ ነው። ለሕጉ ደግሞ በቂ ምክንያት ነበረው። የቀጠሮው ነገር ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ ቀጠሮውን ማን ይጻፈው የሚለው ነው።

ደብተሩና ሁለቱ ስሚዞች

መጀመሪያ የጻፈው ሰው ነው። ስልክ አጠገብ ደብተር ይቀመጣል፤ እንግዳው ይደውላል፤ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ደብተር ጥሩ ነገር ነው። መብራት ቢጠፋ አይጠፋም፤ ኮሚሽን አይጠይቅም። ችግሩ ግን ስልኩ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚነሳው። የምትቀበለዋ ሴት እንግዳ እያስጎበኘች ከሆነ ስልኩ ይጮሃል እንጂ የሚያነሳው የለም። ሁለት ሰዎች ሁለት ደብተር ይዘው ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ሁለት ቡድን ይመጣል።

ይህን ችግር ከወይን ቤቶች በፊት የቀመሰው አየር መንገድ ነው። በ1953 ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ በሚበር አውሮፕላን ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ.አር. ስሚዝ ነው፤ ሌላው የአይ.ቢ.ኤም ሻጭ ብሌየር ስሚዝ ነው። በስማቸው ተገርመው ወሬ ጀመሩ፤ ከወሬው ሴበር የሚባለው የኮምፒውተር የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት ተወለደ። በ1960 ሥራ ጀምሮ በ1964 የድርጅቱን የቀጠሮ ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱ በረራ መቀመጫ በካርድ ላይ በእጅ ነበር የሚመዘገበው።

የሴበርን ታሪክ ያነሳነው ለቴክኖሎጂው ብለን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለተፈጠረው ነገር ነው። ከ1976 ጀምሮ የሴበር ማሽኖች በጉዞ ወኪሎች ቢሮ መቀመጥ ጀመሩ። ወኪሉ አንድ መስመር ሲፈልግ በስክሪኑ ላይ የብዙ አየር መንገዶች በረራ ይመጣል። የማን በረራ ይቅደም? የሥርዓቱ ባለቤት አየር መንገድ ነው፤ የራሱን አስቀደመ። ወኪል ደግሞ እንደማንኛችንም ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። ተፎካካሪዎች ጮኹ፤ በ1984 የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ቦርድ እንዲህ ያለውን አድልዎ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ከኢንተርኔት በፊት የታወቀ ትምህርት ነው እንግዲህ፦ ቀጠሮ የሚጽፍ ማሽን ጸሐፊ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ማንን ቀድሞ እንደሚያሳይ ይወስናል።

ጸሐፊ፣ ደላላ፣ ዘበኛ

በ1998 በሳን ፍራንሲስኮ ኦፕን ቴብል የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው የምግብ ቤት ጠረጴዛ በኢንተርኔት ማስያዝ ነበር። አከፋፈሉን ልብ በሉልን። ለብዙ ዓመታት ከወርሃዊው ክፍያ ሌላ፣ ተመጋቢው በኦፕን ቴብል ድረ ገጽ በኩል ከመጣ ምግብ ቤቱ በሰው 1 ዶላር ይከፍላል፤ በምግብ ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ በኩል ከመጣ ግን 25 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ ምንድነው? በመጀመሪያው ድርጅቱ ደንበኛ አምጥቷል፣ በሁለተኛው ስም ጽፏል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ አንዱ ደላላ ነው፣ ሌላው ጸሐፊ። ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሁሉ ሁለቱ አንድ ዋጋ እንደሌላቸው ያውቃል። በ2014 ኦፕን ቴብል ለፕራይስላይን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሦስተኛው ሠራተኛ የመጣው ከቺካጎ ነው። ኒክ ኮኮናስና ዋና ምግብ አብሳዩ ግራንት ኤከትስ በ2011 ኔክስት የሚባል ምግብ ቤት ሲከፍቱ ጠረጴዛ አናስይዝም፣ ትኬት እንሸጣለን አሉ። ልክ እንደ ቲያትር፦ አስቀድመህ ትከፍላለህ፤ ካልመጣህ ያንተ ጉዳይ ነው። የቅዳሜ ማታ ትኬት ከረቡዕ ይወደዳል። ያበሳጫቸው ነገር ጠረጴዛ አስይዞ የሚቀር ሰው ነው። ከዚያ ሐሳብ ቶክ የሚባለው ሶፍትዌር ተሠራ፤ ወደ ሌሎች ምግብ ቤቶች፣ በኋላም ወደ ወይን ቤቶች ገባ። ለወይን ቤቶች ተብለው የተሠሩ፣ እንደ ሴላርፓስ ያሉም ነበሩ። እኛ አገር ይህን አሠራር ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ቀብድ ይባላል። ቀብድ የሚቀበል ሶፍትዌር ደግሞ ጸሐፊም ደላላም ብቻ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። ያልከፈለውን አያስገባም።

ለወይን ቤት ዘበኛው የሚያስፈልግበት እውነተኛ ምክንያት አለ። በፈቃዱ በቀን 12 እንግዳ ብቻ የተፈቀደለት ትንሽ ቤት አስቡ። ስድስት ሰዎች ይዘው ካልመጡ የቀኑ ግማሽ ገቢ ሄደ ማለት ነው፤ በነሱ ቦታ ሌላ እንዳይገባ ደግሞ ቀድሞ እምቢ ተብሏል። ትልቁ ቤት ይህን አይሰማውም። ቀብድ በመጀመሪያ ያዳነው ትንሹን ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ቀብድን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ስም ገንዘብ የሆነበት ዓመት

በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግራንሆልም የሚባለውን መዝገብ በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። ሚሺገንና ኒውዮርክ የራሳቸው ወይን ቤቶች በቀጥታ ለጠጪው በፖስታ እንዲልኩ እየፈቀዱ የሌላውን ግዛት ወይን ቤት ይከለክሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ አድልዎ ነው አለ። ከዚያ በኋላ በርካታ ግዛቶች በቀጥታ መላክን ፈቀዱ።

ይህ ከቀጠሮ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። ትንሽ ወይን ቤት በትልልቅ አከፋፋዮች በኩል ሲሸጥ ከጠርሙሱ ዋጋ ብዙውን ለሌላ ይሰጣል። በቀጥታ ሲልክ ግን ዋጋው የራሱ ነው። በቀጥታ ለመላክ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል። አድራሻው ከየት ይመጣል? ለቅምሻ ከመጣው እንግዳ ነው። እንግዳው አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ይወደዋል፣ የቤቱ የወይን ክበብ አባል ይሆናል፤ ከዚያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሳጥን ይላክለታል። እንዲህ ሲሆን የቅምሻው ክፍያ ትንሹ ገቢ ነው፤ ትልቁ ገቢ ስሙ ነው።

ስለዚህ የቀጠሮ ደብተሩ ድሮ የሰዓት መዝገብ ነበር፣ አሁን የቤቱ ሀብት ሆነ። በዚያው ዘመን ደግሞ ደብተሩ ከጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሄደ። ከታሪኩ ሁሉ አሳሳቢው ክፍል ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ምሳሌው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቶክ በ2021 ስኩዌርስፔስ ለሚባለው የድረ ገጽ ድርጅት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2024 ደግሞ አሜሪካን ኤክስፕረስ በ400 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ይህ የካርድ ኩባንያ ሬዚ የሚባለውን የምግብ ቤት ቀጠሮ ድርጅት ከ2019 ጀምሮ በእጁ አድርጎ ነበር። ምግብ አብሳይ ቤት የተወለደ ዘበኛ በሦስት ዓመት ሁለት ጌታ ቀየረ። ዘበኛውን የቀጠሩት ወይን ቤቶች ግን ሽያጩ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ክፉ ነገር ሠሩ እያልን አይደለም። የምንለው፣ በርህን የሚጠብቀው ሰው ነገ ሌላ ቤት ሊያድር ይችላልና መዝገቡ ከማን ጋር እንደሚያድር ዛሬ እወቅ ነው።

ሁሉም በር ባለ ቀጠሮ የሆነበት

መጋቢት 15 ቀን 2020 የካሊፎርኒያ ገዥ መጠጥ ቤቶችና የወይን ቅምሻ ክፍሎች እንዲዘጉ ጠየቁ። ኮቪድ ነው። በኋላ ሲከፈቱ በደጅ፣ በተራራቀ ወንበር፣ በቁጥር ሆነ። ሕዝብ ባንኮኒ ተደግፎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ይቀምስበት የነበረው ልማድ በአንድ ወቅት ውስጥ ጠፋ። በ1990 ሕግ ነባር በመሆናቸው ክፍት የቀሩት በሮችም በተግባር ባለ ቀጠሮ ሆኑ። ሕጉ በ30 ዓመት ያልዘጋውን ወረርሽኙ በወራት ዘጋው። ቀድሞ በደብተር ይሠሩ የነበሩ ቤቶችም ሶፍትዌር ገዙ፤ ምርጫው የተደረገው በጥድፊያ ነው።

አንዳንዱ ውጤት ጥሩ ነበር። እንግዳው ተቀምጦ ይቀምሳል፣ አስጎብኚው ጊዜ አለው፣ ቤቱ ለነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቃል። ሌላው ውጤት ግን ዘግይቶ ታየ። የቅምሻ ዋጋ ወጣ፤ መንገድ ላይ እያለፈ «እስቲ እንግባ» የሚል ወጣት ቀረ። የጎብኚው ቁጥር መቀነስ ሲጀምር አንዳንድ ቤቶች ፈቃዳቸው በሚያስችላቸው መጠን ያለ ቀጠሮ የመጣን እንደገና እንቀበላለን አሉ። ሞንዳቪ በ1966 ያደረገው ነገር ምን ነበር? ወይን የማያውቀውን ማስገባት ነበር። ወይን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ካርዱን አስገብቶ ቀብድ አይከፍልም። አዲስ ጠጪ የሚገባበት በር ክፍቱ በር ነው።

እንግዲህ ሲመረጥ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ወደ ርዕሱ እንመለስ። ሶፍትዌር ሊገዛ የተነሳ ወይን ቤት ብዙ ጊዜ የሚታየው የቀን መቁጠሪያው ውበትና የወሩ ዋጋ ነው። ታሪኩ ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ይነግረናል።

አንደኛ፣ መዝገቡ የማነው? የእንግዳው ስም፣ ኢሜይልና የመጣበት ቀን ቤቱ በፈለገው ሰዓት አውጥቶ የራሱ ፋይል ሊያደርገው ይችላል? ውል ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ድርጅቱ ሲሸጥስ? ድርጅቱ በዚሁ ስም ለሌላ ወይን ቤት ማስታወቂያ ይልካል? መልሱ በውሉ ላይ ካልተጻፈ መልስ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የምቀጥረው ማንን ነው? ጸሐፊ ከሆነ በወር ይከፈለዋል። ደላላ ከሆነ በራስ። በምናብ ቁጥር እናስላው። አንድ ሶፍትዌር በሰው 2 ዶላር ይጠይቃል እንበል፣ ሌላው በወር 200 ዶላር። በዓመት 300 ቀን የሚሠራና በቀን 12 እንግዳ የሚቀበል ቤት 3,600 እንግዳ አለው፤ ለመጀመሪያው 7,200፣ ለሁለተኛው 2,400 ዶላር ይከፍላል። በቀን 3 እንግዳ ብቻ የሚመጣለት ግን 900 እንግዳ ነው ያለው፤ ለመጀመሪያው 1,800 ከፍሎ ከወርሃዊው ይድናል። ትልቁ ስህተት ቤቱ በራሱ ስም ለመጣው እንግዳ የደላላ ዋጋ መክፈል ነው። እንግዳው በየትኛው መንገድ እንደመጣ ለይቶ የማያስከፍል ውል መጠርጠር አለበት።

ሦስተኛ፣ ቀብዱ የሚያርፈው የት ነው? ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሂሳብ ይገባል ወይስ ድርጅቱ ጋር ሰንብቶ ይመጣል? የስረዛውን ደንብ የሚያወጣው ማነው? ልጁ ታሞበት የቀረን እንግዳ ይቅር ለማለት የቤቱ ሠራተኛ ሥልጣን አላት ወይስ ማሽኑ እምቢ ይላታል? ዘበኛ ጨካኝ ሲሆን የሚሰደበው ባለቤቱ ነው።

አራተኛ፣ መቁጠር ይችላል? በፈቃዱ የተጻፈውን የእንግዳ ብዛት፣ የአስጎብኚዎቹን ቁጥር፣ የጠረጴዛውን ብዛት ያውቃል? በስልክ የተያዘው፣ በድረ ገጹ የተያዘውና በአስጎብኚ ድርጅት በኩል የመጣው በአንድ መዝገብ ላይ ይወርዳሉ? አለዚያ ያ ሁለት ደብተር የያዙት የሁለት ሰዎች ችግር በኮምፒውተር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ነባሩን ደንበኛ ያውቀዋል? አሥር ዓመት የክበቡ አባል የሆነ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ እንደ ባዕድ ቀብድ ከተጠየቀ ቤቱ የገዛው ሶፍትዌር ቤቱን አያውቅም። የቀጠሮው፣ የሽያጩና የክበቡ መዝገብ መነጋገር አለባቸው።

ስድስተኛ፣ ክፍት ወንበር ይተዋል? ይህን ጥያቄ ሻጩ አያነሳላችሁም፤ የሱ ሥራ ወንበሩን ሁሉ አስቀድሞ መሸጥ ነው። ሕግ በሚፈቅደው መጠን በየቀኑ ጥቂት ቦታ ለዕለቱ ደዋይና ለመንገደኛ ማስቀረት የሚያስችል ሶፍትዌር ግን የነገን ጠጪ ያስገባል።

ስለ እኛም ትንሽ

ርዕሱ ለኛም ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በ2007 በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ የወይን እርሻ ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። በእርሻው ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ቦይ መቆፈሩ በወቅቱ ብዙ ተጽፎለታል። ለጉማሬው ቦይ በቂ ነው። የሰው እንግዳ ሲበዛ ግን፣ በዝዋይም ይሁን ነገ ሌላ ቦታ በሚተከል እርሻ፣ ናፓ በ1990 የገጠማት ጥያቄ ይመጣል።

ያን ጊዜ የምንለው ነገር ለወይን ቤት ብቻ አይሆንም። ሎጅ ያለው፣ የቡና እርሻ የሚያስጎበኝ፣ በፈረስ ወደ እንጦጦ የሚያወጣ ወጣት ሁሉ ከአንድ ቀን በኋላ «ቀጠሮ በስልኬ ተቀብሎ የሚመዘግብልኝ ነገር ልግዛ» ይላል። ይግዛ። ደብተሩ ደክሟል፣ ስልኩም አይነሳም። ብቻ ከመፈረሙ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ከዓመት በኋላ ላሰናብትህ ብፈልግ፣ የእንግዶቼን ስም ይዤ መውጣት እችላለሁ? ሻጩ «አዎ፣ እንዲህ ይወጣል» ብሎ በፊቱ ካሳየው ጸሐፊ ቀጥሯል። ወሬ ካበዛበት ግን ሌላ ሻጭ ይፈልግ።